ከግሩድል ሥር የነበረው ፊት

ላይነል ታፕሴል ታዋቂ ሰው ነው። ታዋቂ ስል እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ማለቴ አይደለም፤ መንገድ ላይ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ ሥጋ ሻጩ እንኳ ስሙን በትክክል ጠርቶት አያውቅም። ግን በዓመት አንዴ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው የጎማ ጭምብል አጥልቀው የሚውሉ ጎልማሶች አሉ፤ እነሱ ዘንድ ንጉሥ ነው። ግሩድልን የሠራው እሱ ነዋ! ቅዳሜ ከሰዓት በቴሌቪዥን ይመጣ የነበረውን፣ አገጩ ረዥም፣ አንገቱ ጸጉራም፣ ቆዳው ቅርፊት የለበሰውን አውሬ ማለቴ ነው። የእኔ ልጆች ሶፋ ጀርባ ተደብቀው በጣታቸው መሃል ነበር የሚያዩት።

እኔ ኢኒድ እባላለሁ፣ ጎረቤቱ ነኝ። ለንደን አጠገብ ባለችው ስላው ከተማ እንደኛ ሰፈር ያሉ ቤቶች ተደጋግፈው ነው የቆሙት፤ ጎረቤት ሲያስነጥሰው አልጋህ ላይ ሆነህ «ይማርህ» ትለዋለህ። ስለዚህ የማወራውን ከሰው አልሰማሁትም፣ በግድግዳዬ በኩል ነው የኖርኩት። የማወራው ግን ስለ ላይነል አይደለም። ስለ ላይነል ለማውራት ላይነል ራሱ ይበቃል። የማወራው ስለ ሚስቱ ስለ ሞይራና ከሞተች በኋላ በዚህ ዓለም ላይ ስለቀረው አንድ ፊቷ ነው።

ሞይራ ስታገባው ብስኩት ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። እሱ የሱቅ መስኮት አስጌጪ ነበር፤ ገና ሲደርስ የካርቶን በረዶ፣ በጋ ሲሆን የካርቶን ባሕር ይሠራል። እጁ ወርቅ ነው። ይህን የምለው ወድጄው አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው። አንድ ቀን የቴሌቪዥን ሰዎች ለልጆች ተከታታይ ፊልም የጨረር ሽጉጥ የሚሠራላቸው ፈልገው መጡ። ላይነል የሞይራን ጸጉር ማድረቂያ አንስቶ ብርማ ቀለም ቀባው፣ ሁለት የጠርሙስ ክዳን ለጠፈበትና ሰጣቸው። ሰዎቹ በጣም ተደሰቱ። ሞይራ ያን ክረምት ጸጉሯን በፎጣ ስታደርቅ ከረመች።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ አይጣልም፣ የሮኬት ሞተር ነው። የእንቁላል ካርቶን የመንኮራኩር ግድግዳ ነው። ላይነል የልጆች ተገጣጣሚ ታንክ ገዝቶ ታንኩን ሳይገጣጥም ትንንሹን ዕቃ ሁሉ እየነቀለ የመንኮራኩሩ ሆድ ላይ ይለጥፈዋል፤ የቱ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ ብቻ ሲያዩት ውስብስብ ይመስላል። ሞይራም ተለከፈች። አብረን ገበያ ስንወጣ ከዕቃዎቹ መሃል ማጥለያ ታነሳና ወደ ሰማይ ትደግነዋለች።

«ኢኒድ፣ ይሄ የሳተላይት ጆሮ አይመስልሽም?»

«እኔ ማጥለያ ነው የሚመስለኝ።»

«በቃ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ መሬት ላይ ትቀሪያለሽ» ትለኛለች፣ እየሳቀች። ሳቋ ደስ ይል ነበር። ሞይራ ስትስቅ መጀመሪያ በግራ በኩል የከንፈሯ ጫፍ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፤ ልትይዘው ትሞክርና ያመልጣታል።

ግሩድልን እንዲሠራ ሲታዘዝ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሽጉጥ ከማድረቂያ ይሠራል፣ አውሬ ግን የሰው ፊት ይፈልጋል። የጥርስ ሐኪሞች የድድ ቅርጽ የሚወስዱበት ዱቄት አለ፤ እሱ በውሃ ይበጠበጥና ፊት ላይ ይለጠፋል። ሲረጋ ይነሣል፣ በውስጡ ጄሶ ይፈስበታል፣ የጄሶ ሰው ይወጣል። አውሬው በጭቃ የሚቀረጸው በዚያ ጄሶ ላይ ነው። በጭቃው ላይ ደግሞ ሌላ ጄሶ ይፈስና ፎርማ የሚሉት ጎድጓዳ ቅርጽ ይወጣል። ጭምብሉ እንደ ኮፍያ የሚጠለቅ ስለነበር የማንም ፊት ቢሆን ያገለግላል። ላይነል ደግሞ አጠገቡ የነበረችው ሞይራ ናት።

ያን ቀን እዚያው ወጥ ቤታቸው ውስጥ ነበርኩ። ሞይራ የዋና ኮፍያ አጥልቃ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ላይነል ያንን አረንጓዴ ነገር በማንኪያ እየዛቀ ፊቷ ላይ ከመረው፣ ከአፍንጫዋ ቀዳዳ በስተቀር ምንም አልቀረም።

«እንግዲህ በመጨረሻ ዝም አሰኘኋት» አለ።

«አንተን ዝም የሚያሰኝ ዱቄትስ መቼ ነው የሚመጣው?» አልኩት።

ዱቄቱ ሥር ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ላይነል «እንዳትስቂ! ሞይራ፣ በእግዜር፣ እንዳትስቂ! ይበላሻል!» እያለ ዙሪያዋን ይሽከረከራል። አልሳቀችም፤ ያዘችው። ጄሶው ሲወጣ ያ የተያዘ ሳቅ እዚያው ነበር። ዓይኗ ተከድኗል፣ ጉንጯ ከፍ ብሏል፣ የግራ ከንፈሯ ጫፍ ተሰርጉዷል። ልትስቅ ትንሽ የቀራት የሠላሳ ዓመት ሴት። ላይነል ግን ያየው ጉንጯን ብቻ ነው፤ «አጥንቱ ጥሩ ነው» አለና ጭቃውን ለጠፈበት።

ግሩድልም፣ ከግሩድል በኋላ የመጡት ባለቀንዱም ባለ ሦስት ዓይኑም፣ ሁሉም በሞይራ ፊት ላይ ነው የተሠሩት። እንግሊዝ አገር ያለ ልጅ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየጮኸ የሸሸው ከሞይራ ጉንጭ ነው ስላት በጣም ትወደው ነበር። እኔም ለቀልድ ነበር የምላት። አሁን ሳስበው አይስቀኝም።

ስለ ኦቭኑ ልንገራችሁ። ጭምብሉ የሚሠራበት ፈሳሽ ጎማ እንደ እንቁላል ተመትቶ፣ ፎርማ ውስጥ ፈስሶ፣ ኦቭን ውስጥ ይጋገራል። ሽታው የተበላሸ እንቁላልና የፈረስ ጋጣ አንድ ላይ ነው። አንዴ ጎማ የተጋገረበት ኦቭን ደግሞ ዳግመኛ ምግብ አይገባበትም። ላይነል ለሥራው ሌላ ኦቭን ይገዛ መሰላችሁ? የሞይራን ነው የወሰደው። «ለዚህ ሳምንት ብቻ» አላት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የታፕሴሎች የእሁድ ሥጋና ድንች የሚጠበሰው በእኔ ቤት ነው። ሞይራ ትሪዋን በፎጣ ሸፍና በአጥሩ በኩል ብቅ ትላለች።

«ኢኒድ፣ የኔ እመቤት፣ ቦታ አለሽ?»

«ባልሽ ዛሬ ምን እየጋገረ ነው?»

«አገጭ።»

«ከድንች ጋር ነው ያለ ድንች?»

በዚህ ይሳቃል ወይ የሚል ካለ፣ አዎ፣ እንስቅ ነበር። ሌላ ምን እናደርጋለን? እኔ ራሴ የግሩድልን አንገት ጸጉር የተከልኩ ሴት ነኝ፤ በቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ በመርፌ። ወደ ላይነል ጓሮ ቤት ግን አልገባም ነበር። መስኮት የሌላት የእንጨት ጎጆ ናት፤ ገና በሩ ሲከፈት ጉሮሮ ትይዛለች።

እዚያ ውስጥ ማን ምን ይሠራ እንደነበር በደንብ አውቃለሁ፣ ሞይራ ትነግረኝ ነበርና። ላይነል ጭቃውን ይቀርጻል፣ መጨረሻ ላይ ቀለሙን ይቀባል። ጄሶ የምትበጠብጠው ሞይራ ናት። ጎማውን የምትመታው ሞይራ ናት። ፎርማ የምታጥበው፣ ትርፍ ጎማውን የምትቆርጠው፣ የደረቀውን የመንኮራኩር ክንፍ በሸካራ ወረቀት እየፈገፈገች አቧራውን የምትውጠው ሞይራ ናት። ፊልሙ የሚነሣው ከከተማ ወጣ ብሎ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነበር፤ የሌላ ፕላኔት ሁሉ መልክ ያው ካባ ነው። በዝናብ ቆማ የተቀደደ ጭምብል የምትሰፋውም ሞይራ ናት። በፊልሙ መጨረሻ ስም ሲያልፍ «ላይነል ታፕሴል» ይላል። እሷም ሶፋው ላይ ሆና ታጨበጭባለች። አንጀቴን የምትበላው እዚህ ላይ ነው፤ ከልቧ ነበር የምታጨበጭበው።

አንድ ጊዜ ያን የሆቴል ስብሰባ አብሬያቸው ሄድኩ። ላይነል መድረክ ላይ ወጥቶ «ቀረጽኩ፣ ሠራሁ፣ ፈጠርኩ» ሲል ዋለ። እኔና ሞይራ ጥግ ላይ ሻይ ይዘን ቆመናል። ቤቱ የሰፋውን የግሩድል ልብስ የለበሰ አንድ ወፍራም ሰውዬ ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ሞይራን በትሕትና ጠየቃት።

«እርስዎም ግሩድልን ይወዱታል?»

«አብሬው ነው የምኖረው» አለችው።

«ኧረ የታደሉ! እና ጌታው ከርስዎ ጋር ስለ አሠራሩ ያወራሉ?»

ሞይራ ሳቋን ያዘች። እኔ ግን ጨጓራዬ ተላጠ። «አገጭህ ተገልብጧል» አልኩት ሰውዬውን። እውነትም ተገልብጦ ነበር።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ኮሪን። ኮሪን ልጅ ሳለች ማየት ትችል ነበር፤ በኋላ ዓይኗ ከዳር ጀምሮ እየጠበበ ሄዶ ጎልማሳ ስትሆን ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ምንም አልቀረላትም። ጠንካራ ሴት ናት። ሊድስ ሄዳ በስልክ ደንበኛ የሚያስተናግድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች፣ የራሷን ኑሮ ትኖራለች። አባቷን የምትጣላው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቷ ማሳል የጀመረች ጊዜ ገና በስልክ ሰምታ ባቡር ተሳፍራ መጣች። ሲጯጯሁ በግድግዳው ተሰማኝ።

«አባዬ፣ መስኮት እንኳ የለውም!»

«በሩ ይከፈታል።»

«እማዬ እኮ መተንፈስ አልቻለችም! እዚያ ውስጥ የምትስበው ጎማና አቧራ ነው!»

«እኔስ እስባለሁ አይደል? ምን ሆንኩ?»

«አንተ ቀለም ነው የምትቀባው! በሩ አጠገብ!»

ሞይራ «ተዉ፣ ኢኒድ ትሰማናለች» ስትል ሰማኋት። ኢኒድ እየሰማች ነበር። ኢኒድ በግድግዳው ብትገባና አንገቱን ብታንቀው ደስ ባላት።

በመጨረሻ ሥራው ራሱ ቆመ። አውሬ በኮምፒውተር መሠራት ሲጀምር ላይነልን የሚጠራው ጠፋ፣ ጓሮ ቤቷም ተዘጋች። ለሞይራ ሳንባ ግን የረፈደ ነበር። ሐኪሞቹ ከአቧራው ሊሆን ይችላል፣ ከሌላም ሊሆን ይችላል፣ ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም አሉ። ሆስፒታል ልጠይቃት ስገባ በዚያች ባለቀች ድምጿ «ላይነል ሸሚዙን ማን እየተኮሰለት ነው?» ትለኛለች። «ይጨማደድ!» አልኳት። በሸሚዝ ተጨንቃ ሞተች፤ እኔ ይቅር አልለውም።

ቀብሯ ላይ ኮሪን አባቷን አንድ ነገር ብቻ አለችው፤ «ግሩድልህ በላት።» ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት መጣ። ላይነል ብቻውን ሾርባ ከቆርቆሮ እያሞቀ ይበላል። እሁድ እሁድ አንድ ሳህን በአጥሩ በኩል አቀብለው ነበር፣ ለሞይራ ስል።

አንድ ቀን ኮሪን ደወለችልኝ። ድምጿ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«አክስቴ ኢኒድ፣ እማዬ እየጠፋችብኝ ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው የኔ ልጅ?»

«ፊቷ። ድምጿ አለ። ሳሏ ሳይቀር አለ። ፊቷን ስፈልገው ግን ጭጋግ ነው፣ ከየትኛው በኩል እንደምትስቅ እንኳ ጠፋኝ። ፎቶ ለኔ ወረቀት ነው። ያ የጄሶ ፊት አለ አይደል? በእጄ ልየው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ታረቂው ካላችሁኝ እታረቀዋለሁ፣ አንዴ ብቻ በእጄ ልየው።»

ስልኩን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ ወደ ላይነል ሄድኩ። የጄሶው ፊት ጓሮ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ከባለቀንዱና ከባለ ሦስት ዓይኑ መሃል ተቀምጦ ነበር። ነገርኩት። አንዴ እኔን አንዴ መደርደሪያውን አየ።

«ትምጣ» አለ። «ግን ዋናውን በእጇ አልሰጥም።»

«ልጅህ እኮ ናት፣ ሌባ አይደለችም።»

«ስሚኝ፣ ያለው አንድ ነው። ቢወድቅስ? ቅጂ እሠራላታለሁ። ሊድስ ይዛው ትሄዳለች፣ አልጋዋ አጠገብ ታደርገዋለች፣ በፈለገች ሰዓት ትነካዋለች።»

«እሷ ቅጂ አላለችም። ልንካው ነው ያለችው።»

«አባቷ ነኝ፣ ኢኒድ! ባዶ እጇን አልመልሳትም!»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሞይራ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ቀና ብሎ ሲያወራ አይቼው አላውቅም። ይህ ሰው መውደዱን በአፉ መናገር አይችልም፤ የሚያውቀው ሠርቶ መስጠት ነው። ሞይራም ስታወራኝ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ እጁ ነው አፉ» ትል ነበር። ስለዚህ አልተከራከርኩትም። ለኮሪን ደውዬ እሁድ ነይ አልኳት።

አሠራሩ እንደሱ ላለ ሰው ቀላል ነው። ዋናው ፊት እንጨት ሣጥን ውስጥ ወደ ላይ እያየ ይጋደማል፣ በላዩ አዲስ ጄሶ ይፈስበታል። ሲደርቅ ሁለቱ ይላቀቃሉ። የላይኛው ውስጡ የሞይራ ፊት ጎድጎድ ብሎ ይወጣል፤ በዚያ ፎርማ ከዚያ ወዲያ የተፈለገውን ያህል ሞይራ ማውጣት ይቻላል። ላይነል ጓሮ ቤቱን ዘግቶ ገባ። በአጥሩ በኩል ሲያፏጭ ሰማሁት።

እሁድ ኮሪንን ከባቡር ጣቢያ ተቀበልኳት። ነጭ በትሯን አጥፋ ክንዴን ያዘች። በመንገድ ላይ ብዙ አላወራችም። ሰፈራችን ስንደርስ ቆም ብላ አየሩን አሸተተች።

«አሁንም ይሸታል?» አልኳት።

«አይ። ያ ነው የሚገርመኝ፣ መሽተቱ ናፈቀኝ።»

ላይነል ወጥ ቤት ውስጥ ቆሟል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከረባት አስሯል፤ ሸሚዙ ተጨማዷል። እጁ እስከ ክንዱ ነጭ ነው፣ ጣቶቹ ተልጠው ደም አቋጥረዋል። ጠረጴዛው ላይ ዳርና ዳሩ የተፋቀ አንድ ነጭ ድንጋይ ተቀምጧል። አጠገቡ መሮ፣ ሽብልቅ፣ መዶሻ፣ የፈላ ውሃ የነበረበት ማንቆርቆሪያ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

«ኮሪን» አለ።

«አባዬ።»

እጇን ዘረጋች። ወደ ጠረጴዛው መራኋት። መዳፏ ድንጋዩ ላይ አረፈ፣ ፊት ፈለገ፣ አላገኘም። ጠርዙን ይዛ ዙሪያውን ዳሰሰች።

«ምንድነው ይሄ? ሣጥኑ ነው?»

«ጄሶው ነው» አለ ላይነል፤ ቃሉ እየተጣደፈ። «መጥፎ ጄሶ ሸጡልኝ። እርጥበት ገብቶታል። ትንሽ ያዘ እንጂ ይላቀቃል፤ ጊዜ ከሰጠሽኝ ቀስ ብዬ፣ በሽብልቅ…»

«እዚህ ውስጥ ናት?»

ሽብልቁን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«አባዬ፣ እማዬ እዚህ ውስጥ ናት?»

«አዎ።»

«ፊቷ ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ።»

ኮሪን መዳፏን ከላይ አሳረፈችው። ከመዳፏ ሥር ሁለት ጣት ያህል ጄሶ ነበር፣ ከዚያ ሥር እናቷ። እጇን አላነሣችም። ቆየችና በጣቷ ጎኑን ተከትላ ወረደች፤ አሮጌውና አዲሱ ጄሶ የሚገናኙበትን መስመር ፈልጋ አገኘችው፣ በጥፍሯ ሞከረችው፣ ጣቷን ከጣቷ ጋር አሻሸች።

«ደረቅ ነው» አለች። «ማን ቀባው?»

«ምኑን?» አላት አባቷ።

ሲላት ነው የገባው። ፊቱ ላይ አየሁት፤ ከግንባሩ ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ገባው።

በዚህ ሥራ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። ጄሶ ላይ ጄሶ የሚፈስ ከሆነ በመሃል ቅባት ይቀባል። ካልተቀባ ሁለቱ ይያያዛሉ፤ ተጣብቀው አይደለም፣ አንድ ድንጋይ ሆነው ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚለያቸው መዶሻ ነው፣ መዶሻ ደግሞ ሁለቱንም ነው የሚሰብረው። ላይነል ይህን አያውቅም ነበር አልልም። ምግብ ጨው እንደሚገባበት ወንድ ሁሉ ያውቃል። ጨምሮ ግን አያውቅም። በዚያች ጓሮ ቤት ውስጥ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ቀርጾ ሲጨርስ «ሞይራ!» ይላታል፤ እሷ ገብታ ዓይን ሽፋሽፍቱን፣ የአፍንጫውን ጥግ፣ የከንፈሩን ስንጥቅ ሳይቀር በጣቷ ትቀባና «ዝግጁ» ትላለች። እሱ ያፈስሳል። ሁልጊዜም ንጹሕ ሆኖ ይላቀቅለታል። እዚያች «ዝግጁ» ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቋት አያውቅም። ኮሪን ግን ታውቃለች፤ እናቷ ማታ ከጓሮ ቤት መጥታ ብርድ ልብሷን ስታስተካክልላት እጇ ሁሌ በቅባት ያዳልጥ ነበር።

«በመጋዝ…» አለ ላይነል። «በቀጭን መጋዝ ከዳር ከዳሩ ብጀምር፣ እስከ አፍንጫዋ…»

«እንዳትነካት» አለች ኮሪን። አልጮኸችም። እጇን ከድንጋዩ ላይ አነሣች። «አክስቴ ኢኒድ፣ የሚቀጥለው ባቡር ስንት ሰዓት ነው?»

ሸኘኋት። ጣቢያው ላይ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ሳልጠብቀው ሁለት እጇን ፊቴ ላይ አድርጋ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አፌን ቀስ ብላ ዳሰሰችው። እኔን አልነበረም የምትፈልገው፤ አውቃለሁ። «በየትኛው በኩል ነበር የምትስቀው?» አለችኝ። «በግራ» አልኳት። ባቡሩ መጣ።

ስመለስ ላይነል ወጥ ቤት ውስጥ የለም። ጓሮ ቤቷ ክፍት ናት። መደርደሪያውን እያተራመሰ ነው፤ የቀለም ጣሳ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ዓይኖች፣ የተፈረፈረ የአውሬ ጆሮ መሬቱን ሞልቶታል። ልሰድበው ነበር የገባሁት። ጀርባውን ሳየው ስድቡ ከአፌ ጠፋ።

«ኢኒድ፣ ያ የምትቀባው ነገር የታለ? የት ነበር የምታስቀምጠው? የሆነ መድኃኒት ይኖራታል፣ ከልዩ ሱቅ የምታስመጣው። ሁሉን ፈተሽኩ እኮ።»

ምንም ልዩ ሱቅ አልነበረም። ከእኔ ጋር ነበር ጥጉ ላይ ካለው መድኃኒት ቤት የምትገዛው፣ ትልቁን ጣሳ። አሁንም ጄሶ መበጥበጫው ሳህን አጠገብ፣ እሱ ክርኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ፣ ክዳኑ ገርበብ ብሎ ተቀምጧል። አመለከትኩት።

አንሥቶ አየው።

«ቫዝሊን?» አለ። «ይሄ እኮ ለእጇ መስሎኝ ነበር። እጇ ስለሚሰነጣጠቅ።»